የአርባ ምንጭ ባቡር ጣቢያ

ፈቃደ እሑድ ጧት ቁርሱን ተቀምጦ ጨርሶ አያውቅም። አንድ ጉርሻ ጎርሶ ይነሣል፤ ጓዳ ገብቶ ባቡሩን ያያል። ተመልሶ ሁለተኛውን ይጎርስና ደግሞ ወደ በሩ ሄዶ የሆቴሉ መኪና መጣ አልመጣ እያለ ወደ መንገዱ ያንጋጥጣል። ሚስቱ ወርቂቱ የሆስፒታል ድሬሰር ነበረች። ሳምንቱን ሙሉ ተኝቶ የማይነሣ ሰው ስታገላብጥ ትከርማለች፤ ቤቷ ስትገባ ደግሞ ተቀምጦ የማይረጋ ይጠብቃታል። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ትለዋለች። እሱም አፉ እንደሞላ «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ብሎ ይመልስላታል። በተረት ተመላልሰው ሲያበቁ ሳህኑን የምታነሣው እሷው ናት።

ያደገው ድሬዳዋ ነው። አባቱ ከመንዝ ወርደው የሸሚንደፈር ዘበኛ የሆኑ ሰው ነበሩ፤ እሱም ከአሥራ ስድስት ዓመቱ ጀምሮ በባቡር መጠገኛው ውስጥ በግራሶ ሲጨማለቅ ኖረ። በስልሳ ዘጠኙ ጦርነት መስመሩ ሲቋረጥ አንዳንዶቹ መካኒኮች በየክፍለ ሀገሩ ተበተኑ፤ ለእሱ የደረሰው ጋሞ ጎፋ ሆነ። አርባ ምንጭ በገባበት ቀን በላይኛው ሰፈር በሴቻ አፋፍ ላይ ቆሞ ሁለቱን ሐይቆች አይቶ ሲያበቃ «ሐዲዱስ?» ብሎ ጠየቀ ይባላል። ሰዉ ሳቀበት፤ እሱ ግን የምሩን ነበር። ሰዓቱን በባቡር ፊሽካ ሲሞላ የኖረ ሰው ፊሽካ የሌለበት አገር ሲገባ ጠዋትና ማታው ይምታታበታል።

ስለዚህ ባቡሩን ራሱ ሠራው። ፉርጎው ከሰርዲን ቆርቆሮ፣ ሐዲዱ ከጃንጥላ ዘንግ፣ ሞተሩ ከአሮጌ ፊያት የዝናብ መጥረጊያ የተነቀለ ነው። ሁለት በር አጋድሞ ባበጀው ጠረጴዛ ላይ ከጅቡቲ ይነሣል፤ ድሬዳዋን፣ አዋሽን፣ ናዝሬትን አልፎ ሞጆ ይደርሳል። እውነተኛው ባቡር ከሞጆ ወደ አዲስ አበባ ይቀጥላል። የፈቃደ ባቡር ግን ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ይታጠፍና በሻሸመኔ በሶዶ አድርጎ አርባ ምንጭ ይገባል። እንዲህ ያለ ሐዲድ በምድር ላይ የለም። «መንግሥት ያልዘረጋውን አንተ ዘረጋኸው» ሲሉት «መንግሥት ሥራ ይበዛበታል፤ እኔ ቅዳሜ ከሰዓት አርፋለሁ» ይላል። ማረፉ እንኳን ውሸት ነው፤ አርፎ አያውቅም።

ሁለተኛው ባላ የተተከለው በአጋጣሚ ነው። አንድ እሑድ የሆቴሉ ላንድሮቨር እንግዶች እንደጫነ የዶርዜ ዳገት ላይ ቆመና ፈቃደ ሊጠግን ተጠራ። ጠግኖ ሲጨርስ እንግዶቹ ስለ አገሩ ቢጠይቁት፣ ሾፌሩ ዝም ሲል እሱ መለሰ፤ ከሚስቱ ዘመዶች አፍ የለቀማት ነገር ነበረችው። ከዚያ ወዲህ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ያ መካኒክ የት አለ?» ይባል ጀመር። ምንጮቹን ያሳያል፣ በሁለቱ ሐይቆች መካከል ያለውን የእግዜር ድልድይ ያሳያል፣ ዶርዜ ወጥቶ ከቀርከሃ የተሸመኑትን ረጃጅም ቤቶች ያሳያል። በነፃ ነው። ቅዳሜውን ለባቡሩ፣ እሑዱን ለእንግዳ ሰጥቶ፣ ሁለቱ ቀኖች ሲጋፉበት ደግሞ ወዲያና ወዲህ ሲሮጥ ይውላል።

ጉብኝቱ ሁሌም የሚያልቀው እዚያው ዶርዜ፣ ዱቡሻው ላይ ነበር። ዱቡሻ ማለት የቀዬው ሰው የሚሸማገልበት፣ የሚረግምበትና የሚታረቅበት ሜዳ ነው፤ ሽማግሌዎቹ የሚቀመጡባቸው ድንጋዮች ዙሪያውን ተደርድረዋል። ካድሬዎቹ ኋላ ቀር ሸንጎ ነው ቢሉትም ሰው ጠቡን ይዞ የሚወጣው ወደዚያው ነበር። እዚያ ሲደርስ ፈቃደ ጣቱን ቀስሮ «ከዚህ ሜዳ አንዲት ጠጠር አትነሣም!» ይላል። አንድ ጊዜ አንድ የውጭ ሐኪም ለማስታወሻ የቀጠፋትን አበባ እንዲመልስ አስገድዶታል፤ የተቀጠፈ አበባ እንዴት እንደሚመለስ ሐኪሙም አልገባው፣ ፈቃደም አላስረዳው።

የሜዳው ታሪክ ባለቤት ጋሽ ዳልጮ ናቸው፤ የወርቂቱ አጎት፣ የእናቷ ወንድም። በወጣትነታቸው ሽሮ ሜዳ ሸማ ሲሠሩ ስለኖሩ አማርኛ ያውቃሉ። ፈቃደ ሦስት ዓመት ሙሉ ከሸማ ጉድጓዳቸው አጠገብ ቁጢጥ እያለ የሚነግሩትን በጥቁር ልባስ ደብተር ሲጽፍ ቆየ፤ ማን ከማን እንደተወለደ፣ ማን መቼ ሀላቃ ተብሎ ቀዬውን እንደመራ። ችግሩ የእሱ ነበር። ሽማግሌው ነገር የሚጀምሩት ክሩን ካስተካከሉ፣ የትምባሆ ጥያቸውን ከጎረሱና ዝናቡን ካዩ በኋላ ነው። ፈቃደ ደግሞ በዚያ መካከል ሦስት ጊዜ ሰዓቱን ያያል።

በስልሳ ስድስት የፈነዳው አብዮት አሥረኛ ዓመቱን ሊያከብር ሲቃረብ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ካሱ ስለ ባቡሩ ሰማ። ጓዳ ገብቶ፣ እጁን ኋላው አጣምሮ፣ ከጅቡቲ እስከ አርባ ምንጭ ተመለከተ። «ይህ መስመር በእቅድ ተይዟል?» አለ።

«በእኔ እቅድ ተይዟል፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

ካሱ ሳቅ ሊል ብሎ ተወው። መስከረም ሁለት የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ይታያል፣ የበላይ አካላት ይመጣሉ፣ ተጠናቆ ይቅረብ ብሎ ወጣ። ፈቃደ ያን ቀን ቁመቱ የጨመረ መሰለው። ድሬዳዋን ከተወ ወዲህ እጁ የሠራውን ሊያይ የመጣ ባለሥልጣን አልነበረም። የቀረው ደግሞ አርባ ምንጭ ጣቢያ ብቻ ነበር፤ ጣቢያው መንገደኛ የሚወርድበት መድረክ አልነበረውም።

ሐምሌ ውስጥ አንድ እሑድ እንግዶቹን ሸኝቶ ዱቡሻው ዳር ከጋሽ ዳልጮ ጋር ቀረ። ሽማግሌው እንደ ወትሮው ጥያቸውን ጎርሰው ሰማዩን አዩና «ዛሬ ቁጭ በል። የወንድሜን ነገር እነግርሃለሁ። እስካሁን አልነገርኩህም» አሉት።

ፈቃደ የባቡሩን ባትሪ ቻርጅ ላይ ትቶት ነው የመጣው። «ጋሼ፣ በሚቀጥለው እሑድ ይሁንልኝ። ደብተሬም ሊያልቅ ነው፣ አዲስ ይዤ እመጣለሁ» አለ። ሽማግሌው ዱላቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው አዘገሙ። እሱም ሊሄድ ሲል ከትልልቆቹ መቀመጫዎች ሥር፣ ሣር ውስጥ፣ አንድ ጠፍጣፋ ስባሪ ድንጋይ አየ። የመዳፍ ስፋት አለው፣ ሰማያዊ ነው፣ መሐሉ ላይ ነጭ መስመር ተጋድሞበታል። መድረክ! ነጩ መስመር ራሱ መንገደኛው እንዳያልፍ የተቀባ ምልክት ይመስላል። ዞር ብሎ አየ፤ ሰው የለም። ተንከባሎ የቀረ ስባሪ ነው፣ ለማንም አይጎድልም ብሎ ራሱን አሳመነና ከደብተሩ ጋር ቦርሳው ከተተው። በማግስቱ ማታ በሲሚንቶ አጣበቀው። እንዲህ ያማረ ጣቢያ ድሬዳዋም የለ።

ነሐሴ ሃያ ሰባት፣ እሑድ፣ ከአዲስ አበባ የመጡ ሁለት አስተማሪዎችን ይዞ ወጣ። ዱቡሻው ባዶ አልነበረም። ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ቆመዋል፤ እርጥብ ሣር የተያዘበት ቦታ ላይ ሰው እጁን አያነሣም። በመካከል ጋሽ ዳልጮ ተቀምጠዋል፤ ፊት ለፊታቸው የሟች ወንድማቸው ሁለት ልጆች ቆመው ይጮኻሉ። ፈቃደ ጋሞኛው ግማሽ ግማሹ ይገባዋል። አጠገቡ የቆመን ጎረምሳ «ምን ተፈጠረ?» አለው።

ጎረምሳው ነገረው። ጋሽ ዳልጮና ወንድማቸው በአንድ የወሰን ድንጋይ የተነሣ አሥራ አንድ ዓመት ሳይነጋገሩ ኖሩ። በመጨረሻ ሽማግሌ ሲያስታርቃቸው ድንጋዩን ሁለቱ አብረው ሰበሩት፤ ስባሪውን ወንዝ ጣሉ፤ አንዷን ግን የእኔ የሚላት እንዳይኖር እዚህ፣ የሁሉም ሜዳ ላይ አኖሯት። ነጭ መስመር ያላት ናት። አሁን የለችም። የወንድምየው ልጆች፣ አባታችን ሲሞት ጠብቆ እርቁን አነሣው፣ ወሰኑን ሊመልስ ነው እያሉ ነው። በሚቀጥለው እሑድ ጋሽ ዳልጮ አልወሰድኩም ብለው ይማሉ ተብሏል።

ፈቃደ አፉን ከፈተ፤ የከፈተውም ለመናገር ነበር፤ ይህን እኔ እመሰክርለታለሁ። ግን ከአስተማሪዎቹ አንዷ «ምን እያሉ ነው? አስረዱን እንጂ» አለችውና አፉ ሌላ ነገር ተናገረ። «የመሬት ጉዳይ ነው» አለ። «እንሂድ፣ ዝናብ ሊመጣ ነው።» ከሜዳው ሲወጡ «አንዲት ጠጠር አትነሣም» ብሎ አለማስጠንቀቁን እንኳ ልብ አላለም።

ያ ሳምንት አያድርስ ነው። ጋራዥ ውስጥ የፈታውን ብሎን መልሶ ያስራል፣ ያሰረውን ይፈታል። ወደ ታችኛው ሰፈር ወደ ሲቀላ ወርዶ የወረደበትን ረስቶ ይመለሳል። ጓዳ ይገባል፤ ድንጋዩን በጥፍሩ ይነቀንቀዋል፤ ሲሚንቶው የራሱ እጅ ሥራ ነውና ጠንካራ ነው። ቢያወጣው ጠረጴዛው ይሰነጠቃል፣ ጣቢያው ይፈርሳል፣ መስከረም ሁለት ያልፋል። ባያወጣው... ያንን አያስበውም። «ከበዓሉ በኋላ በጨለማ ሄጄ መልሼ አስቀምጠዋለሁ» ይላል ለራሱ። ከበዓሉ በፊት እሑድ እንዳለ ግን ያውቃል። ሌባ መሆኑ አሳፍሮታል፤ ከዚያ በላይ ግን ያሳፈረው፣ ያን ሁሉ ሰው ጣቱን ቀስሮ ሲያስፈራራ የኖረው እሱ መሆኑ ነው።

ዓርብ ቀን ጳጉሜን ሁለት፣ ወርቂቱ ከሥራ ስትገባ ዓይኗ ቀልቷል። ከዶርዜ ታሞ የመጣ ሰው ነግሯት ነው። «አጎቴን ሊያስምሉት ነው» አለችው። «ንጹሕ ነው፣ ይምላል። ግን ከማለ በኋላ ከወንድሙ ልጆች ጋር አንድ ማዕድ አይቀርብም። ሞቱ ላይ እንኳ አይቆሙለትም። ያ እርቅ ሲወርድ እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። ሁለቱ ሲላቀሱ አይቻለሁ። ድንጋይዋን ተሸክሜ ከኋላቸው የሄድኩት እኔ ነኝ።»

ፈቃደ ከዚህ በኋላ ምን ሊል ይችላል? እጇን ይዞ ጓዳ አስገባት። ወርቂቱ ባቡሩን ጠረጴዛውን ለመጥረግ ካልሆነ ቀርባው አታውቅም። ከሞጆ ጀምራ ሐዲዱን በዓይኗ ተከተለች፣ ሻሸመኔን፣ ሶዶን፤ አርባ ምንጭ ስትደርስ ቆመች። ጎንበስ ብላ ነጩን መስመር በጣቷ ዳሰሰችው።

«አንተ ነህ?»

«ተራ ድንጋይ መስሎኝ...»

«አንተ? ለሰው ሁሉ አትንኩ የምትለው?»

«ረቡዕ ይለፍ፤ ሐሙስ ጧት እኔው ራሴ...»

«የሚምለው እሑድ ነው» አለችና ወጣች። ጮኻ ቢሆን ይሻለው ነበር። ሌሊቱን ጀርባዋን ሰጥታው አደረች።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጓድ ካሱ ከቀበሌው መኪናና ከአራት ሰው ጋር መጣ። ጠረጴዛውን ሊያነሡ ሲጠጉ ፈቃደን ጋራዥ ከሚሠራበት መሮና መዶሻ ጋር ቆሞ አገኙት። «አንድ ደቂቃ» አለ።

«የምን ደቂቃ? የበላይ አካል ዛሬ ከሰዓት አስቀድሞ ሊያየው ነው።»

«ባቡሩ ላይ የእኔ ያልሆነ ነገር አለ።»

መሮውን ከድንጋዩ ሥር አስገብቶ መታ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። በሦስተኛው የጣቢያው ግድግዳ ወደቀ፤ «አርባ ምንጭ» ብሎ በቀይ ቀለም የጻፈባት ቆርቆሮ ወለሉ ላይ ተንከባለለች። ካሱ «አበድክ እንዴ ሰውዬ? ለአብዮት በዓል የተዘጋጀ ንብረት እያፈረስክ መሆኑን ታውቃለህ?» ብሎ ጮኸ። ፈቃደ ያውቃል። አራተኛውን መታ። በር የነበረው ጠረጴዛ ጫፉ ድረስ ተሰነጠቀና ድንጋዩ ወጣ፤ ሐዲዱም አብሮ ተነቅሎ አየር ላይ ቀረ።

«የቀረውን ውሰዱት» አለ።

እሑድ የገበያ ቀን ስላልሆነ ወደ ዶርዜ የሚወጣ መኪና አይገኝም። ፈቃደና ወርቂቱ ገና ሳይነጋ በእግር ተነሡ። ዳገቱን ሲወጡ አልተነጋገሩም፤ አንዴ ብቻ፣ እሱ ሲያዳልጠው፣ ክንዱን ያዘችው። ወደ ዱቡሻው ሲጠጉ ከመንገድ ዳር እርጥብ ሣር ነጭታ በቀኝ እጁ አስያዘችው። «ተንበርከክ» አለችው። «ጫማህን አውልቅ፤ ከዚያ ተንበርከክ።»

ሰዉ ተሰብስቧል። ጋሽ ዳልጮ ለመማል ቆመዋል፤ ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዷል። ፈቃደ በባዶ እግሩ መካከል ድረስ ገብቶ ተንበረከከና ሣሩን ከፍ አድርጎ ድንጋዩን መሬት ላይ አኖረው። «እኔ ነኝ የወሰድኩት» አለ። ወርቂቱ በጋሞኛ አሰማችለት። የሌባ ባሏን ቃል በዘመዶቿ ፊት ቃል በቃል ተናገረች።

ትልቁ የወንድም ልጅ ድንጋዩን አንሥቶ ነጩን መስመር አየ፤ ከዚያ አጎቱን አየ፤ ከዚያ መሬት መሬቱን። ሊያስምላቸው የነበረው እሱ ነው። ሣሩን ከፈቃደ እጅ ግማሹን ወስዶ አጎቱ እግር ሥር ተንበረከከ። ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ፤ ማጉረምረማቸው የምርቃት ነበር።

ጋሽ ዳልጮ ግን ወደ ፈቃደ ዞሩ። «ድንጋይዋ የት ነበረች?» አሉት።

«ቤቴ፣ ጋሼ። የምሠራው ባቡር አለ... ሰው የሚወርድባት ጣቢያ አድርጌያት ነበር።»

«ባቡሩ እውነት ነው?»

«አይደለም፣ ጋሼ። ቆርቆሮ ነው።»

«ያን ቀን ቁጭ በል ብዬህ ነበር» አሉ። «ቁጭ ብትል ታውቅ ነበር።» ከዚያ ሽማግሌዎቹን አማክረው ፍርዱን ነገሩት። በሬ እረድ፣ ካሣ ክፈል አላሉትም። ድንጋይዋን በገዛ እጁ ቦታዋ እንዲመልስ አሉት፤ ደብተሩን አምጥቶ የወንድማማቾቹን ነገር እስከ መጨረሻው እንዲጽፍ፣ የሰረቃትን ሰው ስም ከነአባቱ እንዲያስገባ፤ ደግሞም እንግዳ ይዞ በመጣ ቁጥር ታሪኩን ሳያጎድል እንዲናገር። «መምጣት አትተው» አሉት። «ከቀረህ ያኔ ነው የሚከፋን።»

መቅረት እንዴት በቀለለው! መታሰሩንም ይመርጥ ነበር። ያን ቀን ግን ተቀመጠ። ዝናብ መጣ፤ ሽማግሌው አላቋረጡም፣ እሱም አልተነሣም። ሰዓቱን አንድ ጊዜ ሊያይ እጁን አነሣና ወርቂቱ እንደምታየው አይቶ መለሰው።

መስከረም ሁለት ባቡሩ አዳራሹ ውስጥ ቀረበ። ከጅቡቲ ተነሥቶ ሶዶን አለፈና ሐዲዱ በተነቀለበት ላይ አፍንጫውን ወደ ታች ደፍቶ ወደቀ። ባለሥልጣኖቹ ሳቁ፤ ካሱ ግን ለወራት ሰላምታ ነፈገው። ፈቃደ ጣቢያውን መልሶ አልሠራውም። ሌላ ድንጋይ ጠፍቶ አይደለም፤ መሮውን ባነሣ ቁጥር እጁ ሌላ ነገር ያስባል።

ጥቅምት መጀመሪያ ላይ የሆቴሉ መኪና መጣ። የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ነበሩ፣ ሰባት ሰዎች። ምንጮቹን አሳያቸው፣ ድልድዩን አሳያቸው፣ ቤቶቹን ሁለት ሁለት ጊዜ አዞራቸው። ሾፌሩ «መሸ እኮ» እስኪለው ድረስ ዱቡሻውን ሲሸሽ ዋለ። በመጨረሻ ደረሱ። ጋሽ ዳልጮ ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠው ክር ያጠነጥናሉ፤ ቀና ብለው አላዩትም።

ፈቃደ ጣቱን እንደ ልማዱ ሊቀስር አነሣ፤ አወረደው። ከዚያ የሁለቱን ወንድማማቾች ነገር ተናገረ፣ አሥራ አንዱን ዓመት፣ የተሰበረውን ወሰን፣ የቀረችውን ስባሪ። ሰዎቹ ጎንበስ እያሉ ነጩን መስመር አዩ። «አንድ ጊዜ ተሰርቃ ነበር» አለ።

ከመካከላቸው አንዲት ሴት «ምን ዓይነት ሰው ነው ይቺን የሚሰርቅ?» አለች።

የጋሽ ዳልጮ ማጠንጠኛ ቆመ። የፈቃደ እግሮች ወደ መኪናው ሊሄዱ ፈለጉ፤ ሁለቱንም ባሉበት ያዛቸው።

«እኔ ነኝ» አለ።